ቀይ የተቀባው ፍሬን

«ፍሬኑ ምንም አልሆነም እኮ እማዬ። የእሷ እግር ነው ሰነፉ።»

ይህን ያለው ታላቅ ወንድሟ ነው። ያለውም ሳሎን ውስጥ እግሩን አነባብሮ፣ እሷ ያፈላችውን ሻይ ፉት እያለ ነው። እሷ ከጣውላው ግድግዳ ወዲህ፣ በስፌት ክፍሏ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ አፏ ሙሉ ስፒል ይዛ የመጋረጃ ጠርዝ ታጥፍ ነበር። ስፒል በአፍ ይዞ መናደድን የቀመሰ ያውቀዋል፤ መጮህ አይቻል፣ ምራቅ መዋጥ አይቻል። ያቺ ግድግዳ ደግሞ ለስሟ ግድግዳ ተባለች እንጂ ሳሎን ውስጥ ያስነጠሰ ሰው ከዚህ ክፍል «ይማርህ» ይባላል። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እየነቀለች የጨርቅ ኳሷ ላይ ሰካቻቸው፤ እያንዳንዷን ስትሰካ ስለ ጨርቁ እንዳላሰበች መናገር አያስፈልግም። ከዚያ እናቷ ምን እንደምትመልስ ጆሮዋን ጥላ ጠበቀች። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ፣ በቃ።

የቤቱ ሰው ሁሉ ሚጣ ነው የሚላት። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሁለት የልብስ ስፌት መኪና አላት፣ የስንቱን ቢሮና የስንቱን አዲስ ሙሽራ መስኮት ለክታ መጋረጃ ያለበሰች ሴት ናት፤ እዚህ ቤት ግን አሁንም ትንሿ ናት፣ ሚጣ። አሮጌዋ ነጭ የቤት መኪና የአባታቸው ነበረች። እሳቸው ሲሞቱ ሊብሬው ወደ እናቷ ስም ዞረ፣ ሥራው ወደ ሚጣ ዞረ፣ ክብሩ ደግሞ ወደ ወንድሟ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የጨርቅ ጥቅል፣ የመጋረጃ ብረትና መሰላል ጭና የምትነዳት፣ ጉልበቷን የሚያማትን እናቷን ሐኪም ቤት የምታመላልስባት ሚጣ ናት። ቅዳሜና እሁድ አጥቦ ከጓደኞቹ ፊት የሚያቆማት እሱ ነው። ስለ መኪናዋ ጥያቄ ሲነሳ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ለምን? እንጃ። ወንድ ስለሆነ ነዋ!

ከዘጠኝ ቀን በፊት እናቷን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ከሰፈራቸው ወደ ዋናው መንገድ የሚያወርደውን ያን ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ፣ ታች መታጠፊያው ላይ አውቶቡስ ቆሟል። ፍሬን ያዘች። ፔዳሉ ትራስ የረገጠች ይመስል እስከ ወለሉ ወረደ። ደገመች፤ ወለል። ሠለሰች፤ ወለል። ማርሽ ቀንሳ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ጎማውን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተገች በስንት መከራ ስታቆማት ከፊቷ የመብራት ምሰሶ ተገትሯል። ወረደች። ከአንገቷ የማይወርደውን ሜትር ዘርግታ በምሰሶውና በመኪናዋ አፍንጫ መሀል ያለውን ለካች። ለምን እንደለካች እሷም አታውቅም፤ የለመደ እጅ ነው። አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር። እናቷ መኪናው ውስጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ፊት ለፊቷን ታይ ነበር።

በማግስቱ ወንድሟ መጣና መኪናዋን በሰፈሩ ደልዳላ መንገድ ወዲያ ወዲህ አላት። በረገጣት ቁጥር ቆመች። «ይኸው!» አለ፣ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «አዲስ ፍሬን እኮ ነው! ረገጥ ማድረግ ነው እንጂ መዳሰስ አይደለም።» ሚጣም አመነችው። እንዴት አታምነው? ፍሬኑ እየደከመ መሆኑ ስለታወቃት፣ ከሁለት ወር በፊት ከአንድ ሆቴል የሠላሳ ሁለት መስኮት ሥራ ያገኘችውን ገንዘብ «ለፍሬን» ብላ በእጁ የሰጠችው ራሷ ናት። እኔ ልሂድ ብትል፣ «መካኒክ ሴት ሲያይ ዋጋ ይቆልላል፤ ለእኔ ተይው» አላት። መኪናዋ ስትመለስ የሚያብረቀርቅ ክፍት ቸርኬ ተጫምታለች፤ በቸርኬው ክፍተት ውስጥ ፍሬኑ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ይታያል። ቸርኬውን «ከፍሬኑ ጋር በቅናሽ» ነው ያገኘሁት አላት። ቀይ ፍሬን አይታ የማታውቅ ሴት ቀዩን ስታይ አዲስ ነው ብላ ደስ አላት። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የጠረጠረችው ፍሬኑን ሳይሆን እግሯን ነው። ማታ ማታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እግሯን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፤ እንዲያ እስከመሆን ደረሰች።

አሁን ከግድግዳው ማዶ ወንድሟ ቀጠለ። «ዛሬ አስር ሰዓት ሐኪም ቤት እኔ ራሴ ነኝ የማደርስሽ። በዚያው በቁልቁለቱ። መኪና እንዴት እንደሚቆም ከኋላ ተቀምጣ ትማር።» ሳቀ። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ እስከዚያው ወደ ጓደኞቹ መሄዱ ነው።

ሚጣ ከወለሉ ተነሳች። እግሯ ሰነፍ ይሁን አይሁን እንጃ፤ አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ናት። ያ ፔዳል ወለል ነክቷል። እሷ ቀርታ ሌላ ሰው ቢረግጠውም ወለል ይነካል፤ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ደግሞ እናቷ ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሳሎን ገባችና «እማዬ፣ ዛሬ ከእሱ ጋር አትሂጂ» አለቻት። እናቷ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች «ወንድምሽ እኮ ነው» አለች። ይሄ መልስ ነው? ይህ የዚያ ቤት መልስ ነው። ሚጣ የመኪናዋን ቁልፍ ከመስቀያው አንስታ፣ «መጋረጃ ላደርስ ነው» ብላ ወጣች። መጋረጃው ወለሉ ላይ ከነስፒሉ ቀርቷል።

ጋራዡ ከቤታቸው ሽቅብ ነው፤ ቁልቁለቱን የሚያስነካ አይደለም። በአንደኛ ማርሽ፣ አንድ እጇን የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርጋ፣ ከኋላዋ የሚነፋውን ጥሩምባ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ደረሰች። ሽማግሌው መካኒክ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው መጡና መጀመሪያ ያዩት እሷን ሳይሆን ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር ነው።

«ወንድምሽ የለም?»

«የለም። እኔ አለሁ።»

«እንግዲያው አንዴ ልደውልለት» አሉና ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ከዚህ በፊት ዘይት ልታስቀይር ስትመጣም እንዲሁ ነበር፤ የምትከፍለው እሷ፣ የሚደወልለት እሱ። ያኔ ዝም ብላ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን እጇን ዘርግታ ስልኩን ከመዳፋቸው ላይ በቀስታ አነሳችውና የዘይት በርሜል ላይ አስቀመጠችው። «የምነዳት እኔ ነኝ፣ የምሞትባትም እኔ ነኝ» አለች። «ጎማውን ይፍቱልኝ።» ሽማግሌው ስልኩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሳል ሳል አሉና ክሪካቸውን እየጎተቱ መጡ።

የፊት ግራው ጎማ ወጣ። ከስሩ ቀዩ ነገር ብቅ አለ፣ አምሮበት። ሚጣ ቁጢጥ ብላ ተጠጋች። የብረት ሥራ አታውቅም፤ ጨርቅ ግን ታውቃለች፤ ቀለም የተነከረ ጨርቅና ቀለሙ ከጥንቱ የሆነ ጨርቅ በጣት እንደሚለዩ ታውቃለች። ጥፍሯን ሰደደችበት። ቀዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠና ከስሩ ዝገት ወጣ። ድጋሚ ፋቀችው፤ ዝገት። ከዚያ ሽማግሌው፣ ሳይጠየቁ፣ ሁለቱን የፍሬን ሸራዎች አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ከብረቱ ጀርባ በስተቀር ሸራ የሚባል ነገር ቀርቶላቸው ከተባለ የጥፍር ውፍረት ነው። ዲስኩ በጠርዙ በኩል ከንፈር አውጥቶ መሀሉ ተበልቷል።

«ይሄ ነው አዲሱ ፍሬን?» አለች።

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። «ወንድምሽ ነው። ‹ቸርኬው ክፍት ስለሆነ ዝገቱ እየታየ ያሳፍረኛል፣ ቀለም ብቻ ቀባልኝ፣ ሸራው ይቆይ› አለኝ። ገንዘቡ ለቸርኬው አልቋል መሰለኝ። እኔማ ነግሬዋለሁ። ‹ቁልቁለት ላይ ነው የምትኖሩት› ብዬዋለሁ። ባለቤቱ ይሁን ካለ እኔ ምን ላድርግ?»

«ባለቤቱ ማነው?»

አቤት፣ ያን ጊዜ የነደደችው መንደድ! ወንድሟ እንደዋሻት ገባት፤ ይሁን፣ ውሸቱ የልጅነቱ ነው። ገንዘቧን እንደበላባት ገባት፤ ይሁን፣ መብላትም ለምዶበታል። ያልቻለችው ሌላውን ነው። ወንድሟ ፍሬን የሌለው መኪና አስቀብቶ ሰጥቷት፣ እናቷን አስጭኗት፣ ቁልቁለት ላይ ሰዷት፣ ከሞት አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲቀራት ዓይኑን በጨው አጥቦ «እግርሽ ነው» አላት! እሷም እግሯን ስታይ ከረመች! ይሄ ሽማግሌም እንዲሁ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ለሰው ያዝናሉ፣ ወንድ ያዘዛቸውን ያደርጋሉ፣ ሴት የከፈለችውን ይረሳሉ። እንደሳቸው ያለ ደግ ሰው ነው አገሩን የሞላው። ሸራዎቹን መሬት ላይ ወረወረቻቸው፤ ከሲሚንቶው ነጥረው በርሜሉ ስር ገቡ።

«ታዲያ ወንድሜ በደልዳላው ሲሞክራት ለምን ቆመች?» አለች፣ ትንፋሿን ስታገኝ።

ሽማግሌው የሚያውቁት ነገር በመጠየቁ እፎይ አሉ። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ከፍተው አሳዩአት፤ ሻይ መስሏል። «ይሄ ዘይት ውሃ ጠጥቷል። ስንት ዓመት እንዳልተቀየረ እንጃ። ቀዝቅዞ እያለ ደህና ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስታበዢ፣ ሸራው አልቆ ብረቱ ሲግል፣ ዘይቱ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል፣ እግርሽ ወለል ያገኛል። ሲበርድ ተመልሶ እንደ ጨዋ ሰው ጸጥ ይላል።» ሚጣ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው ቤቷም እንዳለ አሰበች እንጂ አልተናገረችም። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ ኀፍረቱ አፋቸውን ፈታላቸው መሰለኝ። «አሁን ሱቅ ብትሄጂ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ውድ ዲስክ ያሳዩሻል። አትስሚያቸው፤ እሱ ለሌላ መኪና ነው። እኔን ስሚኝ። የዚችኑ መኪና ታላቅ ታውቂያታለሽ? ያቺ ኋላዋ ረጅሙ፣ ዕቃ የምትጭነው። የእሷ ዲስክ ወፍራም ነው፣ መሀሉ አየር ያስገባል፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ያዥም ሰፊ ነው። ቡሎኑ ሳይቀር ልክክ ይላል። ያዡን አሮጌ እንገዛለን፣ ላስቲኩን እኔ እቀይረዋለሁ። ዲስኩና ሸራው ግን አዲስ ይሁን። ቱቦዎቹም አዲስ፣ ዘይቱም አዲስ። ከዚህ በኋላ ከነሸክምሽ ከገደል አፋፍ ትቆሚበታለሽ።»

«ስንት?»

ነገሯት። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ለዘይቱና ለቱቦዎቹ ይበቃል፤ ለላስቲኩና ለእጅ ዋጋም ይዳረሳል፤ ከዚያ በላይ ዝርዝር ሳንቲም ነው። ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት አልፏል። ገንዘቡን እስክታገኝ ይቆይ እንዳትል አስር ሰዓት አለ፤ ቁልፉን እንዳትደብቅ ወንድሟ የራሱ ቁልፍ አለው። ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ጎማ ላይ አረፈ። ቸርኬው በፀሐይ እንደ መስታወት ያበራል፤ የራሷን ፊት ሳይቀር አየችበት፣ ተጣሞ።

«የድሮዎቹ ቸርኬዎች የት ደረሱ?»

«ከጓሮ አሉ፣ ከነጎማቸው። ጥሎብኝ ነው የሄደው።»

«አዲሱ ፍሬን በእነሱ ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል እንጂ። የታላቋም ቸርኬ ያው ጥቁሩ ብረት ነው።»

«እንግዲያው አራቱንም ይፍቱ» አለች።

ከጋራዡ ሁለት በር አለፍ ብሎ አሮጌ የመኪና ዕቃ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ሰፈሩ እትዬ ቡሎን ነው የሚላት። በክር የታሰረ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አንጠልጥላ፣ የሞተር ሬሳ ላይ ትራስ አንጥፋ ተቀምጣለች። ቸርኬዎቹ በእጅ ጋሪ ሲመጡ ገና ከሩቅ አወቀቻቸው። «እነዚህ የእኔ ናቸው! ሸበላው ሰውዬ ነው የገዛኝ፣ ባለ ጥቁር መነጽሩ። ‹ልጄ፣ መኪናዋ አሮጊት ናት፣ ምን ያደርግላታል› ብዬ ብነግረው፣ ‹አንቺ ሽጪ› አለኝ። ሸጥኩለታ!»

«ወንድሜ ነው።»

«አይ!» አለች እትዬ ቡሎን፣ ከልቧ አዝና። ይሁን እንጂ ሐዘኗ ዋጋው ላይ አልደረሰም። ከሁለት ወር በፊት የሸጠችውን ዕቃ በግማሹ ልትወስደው አሰበች፤ «ያገለገለ ነው» አለች። «ሞኝዎን ይፈልጉ» አለች ሚጣ። «ሁለት ወር ሙሉ ያገለገለው ለመታየት ነው። ደግሞ ገንዘብ አልጠየቅኩዎትም። ሁለት አዲስ ዲስክ፣ አንድ ሙሉ ሸራ፣ ሁለት የታላቋን መኪና አሮጌ ያዥ ነው የምፈልገው፤ ቸርኬውን ከነጎማው ይውሰዱ።» ሴትዮዋ ጎማውን በጣቷ ዳሰሰች፣ ቸርኬውን አንኳኳች፣ ወደ ሰማይ አየች፣ ስለ ኪራይ አወራች፣ ስለ ደም ብዛቷ አወራች። ሚጣ መጋረጃ እየሸጠች አሥር ዓመት የኖረች ናት፤ ሰው ዋጋ ሲያስብ ዝም እንደሚባል ታውቃለች። ዝም አለች። በመጨረሻ እትዬ ቡሎን ወደ ውስጥ ገብታ በጋዜጣ የተጠቀለሉትን ዲስኮች እያቃሰተች አመጣች፤ ሸራዎቹን ከነካርቶናቸው ላያቸው ላይ ወረወረቻቸው፤ ያዦቹን ከአንድ የዛገ ክምር ውስጥ መርጣ በጨርቅ ወለወለቻቸው። «እኔም እህት ነበርኩ» አለች ስታስረክባት፤ ሌላ አላብራራችም።

ሥራው አምስት ሰዓት ያህል ወሰደ። ሽማግሌው ያዦቹን ፈተው ላስቲካቸውን ቀየሩ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ። «ከቀለሙ ተርፎ ነበር፣ ቀባ ላድርጋቸው?» ብለው ፈራ ተባ ሲሉ ሚጣ ገላመጠቻቸው፤ ነገሩን ተዉት። የሚያስተጋባው መዶሻ፣ የሚጮኸው ራዲዮ፣ የሚሸተው ጋዝ፣ ሁሉም ልቧን አላበረደውም፤ የተቀመጠችበት አሮጌ ጎማ ላይ ሆና አንድ በአንድ እየደገመች ነደደች። መጨረሻ ላይ አየሩ ከቱቦው እንዲወጣ ሰው ፔዳሉን መርገጥ አለበት። «ማንን ልጥራ?» አሉ ሽማግሌው። እሷ በሩን ከፍታ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። «ርገጪ» ይሏታል ከመኪናው ስር። ትረግጣለች። «ያዢ።» ትይዛለች። «ልቀቂ።» በአንድ ጎማ ሠላሳ ጊዜ፣ በአራት ጎማ ስንት እንደሆነ አስቡት። ጭኗ ነደደ፣ ባቷ ተንቀጠቀጠ፤ ሰነፍ ለተባለው ለዚያ እግር አንዴም አላረፈችለትም። ቀስ በቀስ ፔዳሉ ከስሯ እየጠነከረ መጣ። መጨረሻ ላይ ስትረግጠው አንድ ጣት ያህል ወረደና ቀጥ አለ፤ ድንጋይ።

ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት አሥራ አምስት ጊዜ አስመላለሷት፤ አዲስ ሸራ መለማመድ አለበት ብለው። ብረቱ ግሎ ጠረኑ እስኪወጣ ድረስ ረገጠች፣ ረገጠች። ሲግልም ያው ነው፤ ድንጋይ። ሽማግሌው «የእጄን ዋጋ ግማሹን ተዪው» አሏት። ሚጣ ሙሉውን ከፈለች። «ደረሰኝ ይጻፉልኝ» አለች። «በማን ስም?» ሲሏት ስሟን ከነአባቷ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ብዕራቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩ፤ ስንት ዓመት ሲያውቋት ስሟን የሰሙት ገና ዛሬ ነው።

ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደጃፋቸው ደረሰች። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል፤ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። መኪናዋን ሲያይ ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። አራት ጥቁር የብረት ቸርኬ፤ ሁለቱ ጭቃቸው እንኳ አልታጠበም።

«ምንድን ነው ይሄ? ቸርኬዬስ?»

«ሸጥኩት። ፍሬን ገዛሁበት።»

«ማንን አስፈቅደሽ!» ድምፁ ጎረቤቱን በር አስከፈተ። «የመኪናዋን መልክ አጠፋሽው እኮ! ከሰው ፊት በዚህ ልቁም? ምን ጎደላትና ነው ፍሬን የምትገዢላት?»

«ቀለም ነው የቀባኸው» አለች ሚጣ። እሷም ጮኸች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እሱ ላይ ጮኻ አታውቅም። «ሸራ የሚባል አልነበራትም! በገንዘቤ ቸርኬ ገዝተህ፣ ዝገቱን ቀይ ቀብተህ፣ እግርሽ ሰነፍ ነው አልከኝ! እማዬን ጭኜ እኮ ነው፣ ወንድም ጋሼ! የወለደችህን እናት!»

እሱ ትንሽ አፈረ ማለት ያምራል፤ አላፈረም። «ይሠራ ነበራ!» አለ። «ራሴ ሞክሬዋለሁ! አሁንም አሳይሻለሁ። ግቢ!» እናታቸው በምርኩዟ እየተደገፈች ከቤት ወጣች። ሚጣ ዞረችባትና «ሰምተሻል እማዬ? ቀለም ነው የነበረው» አለቻት። እናትየዋ ጥቁሮቹን ቸርኬዎች አየች። የልጇን በዘይት የጠቆሩ እጆች አየች። «ሰዓቱ ደረሰ፣ እንሂድ» አለች፤ የፊት በሩን ከፍታ ገባችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቀፈች። ሚጣ ከኋላ ገባች። ሌላ ምን ታድርግ?

ወንድሟ መንዳት አልነዳም፣ ለቀቃት እንጂ። ቁልቁለቱን በአራተኛ ማርሽ፣ በአንድ እጁ፣ ፍሬኑን ነካ እያደረገ፣ «ይኸው፣ ይኸው» እያለ ተምዘገዘገ። ታች መታጠፊያው ላይ ሁለት ሰዎች የፕላስቲክ ወንበር ቆልለው የጫኑበት የእጅ ጋሪ እየገፉ መንገዱ መሀል ገቡ። ወንድሟ ጮኸ። ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ ማለት ይቻላል። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቀጥ አለች። ጥቁር መነጽሩ ከግንባሩ በርሮ ከፊት መስታወቱ ጋር ተጋጨ፤ ስልኩ ከዳሽቦርዱ ተወርውሮ እናቱ ጭን ላይ ወደቀ። ሚጣ ከኋላ ሆና በዓይኗ ለካች፤ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ምናልባት አራት። ጋሪ ገፊዎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም፤ ወንበራቸውን እየገፉ አለፉ።

ከዚያ የወንድሟ ፊት ቀስ እያለ ቀለሙን መለሰ፤ መነጽሩን አነሳ፣ ሰካው፣ በስፖርኪዮው ሚጣን አያት።

«አየሽ?» አለ። «ምን አልኩሽ? ፍሬኑ ምንም አልሆነም!»

ለዚህ የሚሆን ቃል ገና አልተፈጠረም። የተናገረችው እናቷ ናት። ስልኩን ከጭኗ አንስታ ዳሽቦርዱ ላይ መለሰችና፣ ማንንም ሳታይ፣ «ያን ቀንም እዚሁ ተቀምጬ ነበር» አለች።

«የቱን ቀን?»

«ምሰሶውን ልንገጭ የደረስን ቀን። እግሯን አይቻለሁ። ወለል ነካ። ሦስት ጊዜ ረገጠችው፣ ሦስቱንም ጊዜ ወለል ነካ።» ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። «ከወንበሩ ተነስ። ቁልፉን ስጣት።»

ወንድሟ ወረደ። ከኋላም አልገባም፤ ጃኬቱን እያስተካከለ ሽቅቡን በእግሩ ተያያዘው። ሚጣ ወርዳ ወደ ፊት መጣች፣ ወንበሩን ወደ መሪው አስጠጋች፣ ስፖርኪዮውን አዞረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አንድ ሰው ከዚያ ቤት በመጨረሻ ዓይን እንዳለው ተናግሯል። እሷ የሰማችው ግን ቁጥሩን ነው። ሦስት ጊዜ። እናቷ ቆጥራዋለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ሚጣ ማታ ማታ እግሯን ስታጥፍና ስትዘረጋ፣ ጠዋት ወንድሟ ሻይ እየጠጣ ሲሳለቅባት፣ እናቷ ቁጥሩን ይዛ ማንኪያ ታማስል ነበር። ዛሬ ጠዋትም፣ እያወቀች፣ «ወንድምሽ እኮ ነው» ብላ በዚያ ፍሬን ቁልቁለቱን ልትወርድ ነበር።

እናቷ ከጎን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። «ተቀየምሽኝ፣ ልጄ?»

«አዎ» አለች። «ከእሱ ይልቅ አንቺን። ቀበቶሽን እሰሪ።»

የእናቷ ጣቶች ከማሰሪያው ጋር ታገሉ፤ ሳቱት፣ ደገሙት። ከኋላቸው ጥሩምባ ተነፋ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሚጣ አላገዘቻትም። ቀኝ እግሯን ፍሬኑ ላይ አጽንታ፣ ማሰሪያው ቀጭ እስኪል ድረስ ጠበቀች።